ማራገቢያ የሌለው የስልክ ማዞሪያ ኮምፒውተር፦ ኮምቦልቻ ላይ የአሥራ አንድ ወር ልምድ

ባለፈው ቅዳሜ መጋዘኑ ከተዘጋ በኋላ የስልክ ማዞሪያችንን ሣጥን፣ ማለትም የሚመጣውን ጥሪ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ስልኮቻችን የሚያከፋፍለውን ኮምፒውተር፣ ፈታሁት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሌሊትና ቀን ሠርቷል። የምንነግደው ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ቀለም ነው፤ የኮምቦልቻ ሙቀትና የሲሚንቶ ብናኝ አንድ ላይ ሆነው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ የሚያደርሱትን ያየ ሰው ለምን በስጋት እንደከፈትኩት ይገባዋል። አራቱን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ ግን ቦርዱ ላይ የነበረው በጣት ሲዳስሱት እንኳ የማይታወቅ ስስ አቧራ ብቻ ነበር።

ከዚህ በፊት ሥራውን ይሠራ የነበረው አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ነበሩት፤ አየር በሳቡ ቁጥር ብናኙንም አብረው ይስቡ ነበር። የሲሚንቶ ብናኝ ደግሞ እንደ መንገድ አቧራ በብሩሽ ጠርገውት የሚሄድ አይደለም። በክረምት እርጥበት ያገኘው ብናኝ የማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ልስን ደረቀ። አንድ ሰኞ፣ በደሴ የገበያ ቀን፣ ማራገቢያው ጭራሽ ቆመና ኮምፒውተሩ ከሙቀት የተነሳ ራሱን አጠፋ። እስከ ቀትር ድረስ የደወለልን ደንበኛ ሁሉ መልስ አላገኘም። የዚያን ቀን ማታ ነው ማራገቢያ የሌለው ማሽን ለመሥራት የወሰንኩት።

የገዛሁት ባለ አራት ኮር ኢንተል ሴሌሮን ጄ1900 ፕሮሰሰር ያለበት፣ ሁለት የኔትወርክ መግቢያ ያለው ትንሽ የአሉሚኒየም ሣጥን ነው። 4 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታና 64 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) አደረግኩበት። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ጭኜ በላዩ ላይ አስቴሪስክን አስቀመጥኩ፤ ማርክ ስፔንሰር በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ነው። በ033 የሚጀምሩት ሁለቱ መደበኛ መስመሮቻችን መደበኛውን የስልክ መስመር ከኔትወርኩ ጋር በሚያገናኝ አንድ ጌትዌይ በኩል ይገባሉ። የውስጥ ቁጥሮቹ አሥራ አራት ናቸው፤ ዘጠኙ እዚህ መጋዘንና ቢሮ፣ አምስቱ ደሴ ፒያሳ ባለው መሸጫችን።

ፕሮሰሰሩ የ2013 እ.ኤ.አ. ነውና ደካማ ነው ብለው ያስጠነቀቁኝ ነበሩ። ድምፅ ማስተላለፍ ግን ቀላል ሥራ ነው። ስልኮቹን ሁሉ በአንድ የድምፅ ቅርጽ፣ በጂ.711 አድርጌያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ማሽኑ ድምፁን ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሳይተረጉም ተቀብሎ ያሳልፋል። ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ያየሁት የፕሮሰሰር ጫና ከመቶ አምስት አይሞላም።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ነው። አሮጌው ኮምፒውተር በመለኪያ 68 ዋት ይወስድ ነበር፤ ይህኛው 9 ዋት ይወስዳል። በቀን ሲሰላ ከ1.6 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 0.2 ገደማ ወረደ ማለት ነው። የገንዘቡ ቁጠባ ትልቅ አይደለም፤ ትልቁ ጥቅም የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ማሽኑ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ከባለ 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት ሰዓት አለን። ማሽኑ፣ ጌትዌዩ፣ የኢንተርኔት ራውተሩ፣ የኔትወርክ ማከፋፈያውና ሁለት ስልኮች በድምሩ 32 ዋት ይወስዳሉ። በስሌት ወደ 19 ሰዓት ይሆናል፤ እኔ በተግባር ያገኘሁት 16 ነው፣ ቀሪው በቮልቴጅ መለወጫዎቹ ላይ ይባክናል። ባትሪውን ከማሽኑ ጋር በቀጥታ እንዳታገናኙ ግን አደራ እላለሁ። እየተሞላ ያለ የ12 ቮልት ባትሪ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፤ መካከል ላይ ቮልቴጁን 12 ላይ የሚያጸና ማስተካከያ ያስፈልጋል። በቦርዱ ማስተካከያ ገጽ (ባዮስ) ውስጥም «ኃይል ሲመለስ በራሱ ይነሳ» የሚለውን ምርጫ ማብራት አትርሱ፤ ያለዚያ ባትሪው ባለቀ ቁጥር ሌሊት ተነስቶ ቁልፉን የሚጫን ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። በመጀመሪያው ወር ሣጥኑን እንዳይሰረቅ ብዬ በተቆለፈ የብረት ቁምሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ግንቦት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ። ሙቀቱን ሳነብ 88 ዲግሪ ደርሷል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን ሙቀቱን የሚያስወጣው በሣጥኑ አካል ነው፤ አካሉን የሚነካው አየር ካልተንቀሳቀሰ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። አሁን ግድግዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ በትከሻ ከፍታ፣ የሣጥኑ ማቀዝቀዣ ክንፎች ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆሙ ተደርጎ ተሰቅሏል። የሞቀው አየር በክንፎቹ መካከል ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካል። ከዚያ ወዲህ ከ61 ዲግሪ አልፎ አላየሁትም።

ብዙ ሌሊት የፈጀብኝ ግን ማሽኑ ሳይሆን የመደበኛ ስልኩ መስመር ነው። ደንበኛው ስልኩን ከዘጋ በኋላ መስመራችን እንደተያዘ ይቀር ነበር፤ ሁለት መስመር ላለው ቢሮ ይህ ግማሽ ሞት ነው። ምክንያቱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጌትዌዩ ጥሪው ማለቁን የሚያውቀው ከመስመሩ የሚመጣውን የ«ተይዟል» ድምፅ ሰምቶ ነው፤ ፋብሪካው የሞላለት ግን የሌላ አገር ድምፅ ነበር። የእኛን መስመር ድምፅ ቀድቼ፣ ድምፁ የሚቆይበትንና የሚቋረጥበትን ጊዜ በኮምፒውተር ለክቼ አስገባሁለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም መስመር ተይዞ አልቀረም። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ይህን ይሞክር።

ከደሴ ጋር የተገናኘነው በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር በሚዘረጋው ዋየርጋርድ በተባለ ፕሮግራም ነው። የሐረጎን ተራራ ወጥተው ወርደው የሚደርሱበት መሸጫ አሁን በሦስት አኃዝ ይደወልለታል፤ ዋጋ ለመጠየቅ የሞባይል ሒሳብ አይቆጠርም። ጄ1900 ኤኢኤስ ለተባለው የተለመደ የምስጠራ ዘዴ የተለየ መሣሪያ የለውም፤ ዋየርጋርድ የሚጠቀመው ቻቻ20 የተባለ ዘዴ ግን ያንን ስለማይፈልግ ማሽኑ አልተቸገረም። አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ ወደ 100 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ማዞሪያው የጥሪ ጥያቄ የሚቀበልበትን 5060 የሚባለውን የኔትወርክ በር ለኢንተርኔት ክፍት ትቼው ነበር፤ በማግስቱ መዝገቡ ከማላውቃቸው አድራሻዎች በመጡ የመግቢያ ሙከራዎች ተሞልቶ አገኘሁት። በሩን ዘጋሁ። አንድ ሰው የይለፍ ቃል ቢገምት ኖሮ የውጭ አገር ጥሪ ዕዳ በእኛ ላይ ይቆለል ነበር።

ማሽኑ ለሚደውል ሰው የሚያሰማውን፣ ቁጥር እንዲጫን የሚጠይቀውን የሰላምታ ድምፅ የቀዳችልን ስልከኛችን ናት። መልእክቱ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና የጠዋቱን 2 ሰዓት 8 ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰላት ስለሆነ ለዚያ የተለየ መልእክት አዘጋጅተናል፤ ዒድና ፋሲካን ግን በየዓመቱ በእጄ አስገባለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሽማግሌ ደንበኞች «ሴትዮዋ አትሰማኝም» እያሉ ከቀረጻው ጋር ይነጋገሩ ነበር። የመጋዘን ኃላፊያችን ጋሼ «አብሽር፣ ይለምዱታል» አሉኝ። እኔ ግን ለመልመድ አልተውኳቸውም፤ ምንም ቁጥር ያልተጫነ እንደሆነ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ጥሪው በቀጥታ ወደ ስልከኛዋ እንዲሄድ አደረግኩ።

የተበላሸው ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ አብሮት የመጣው አዳፕተር በአራተኛው ወር ተቃጠለ። ባትሪው ስለነበረ ጥሪ አልተቋረጠም፣ ነገሩን ያወቅኩት ከቃጠሎው ሽታ ነው። የተሻለ አዳፕተር ገዝቼ ተክቻለሁ። የቦርዱ የሰዓት ባትሪም ደክሞ ስለነበር ኃይል ሙሉ በሙሉ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባና የሌሊቱ መልእክት በቀን ይሰማ ነበር፤ ትንሿን ባትሪ መለወጥ በቃው።

የዲስኩን ሙሉ ቅጂ በሌላ ኤስኤስዲ ላይ ገልብጬ ደሴ መሸጫው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ተመሳሳይ ሣጥን ሁለተኛ አዝዣለሁ፤ ሲደርስ ፒያሳ ይሰቀላል፣ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ቀን የደሴዎቹ አምስት ስልኮች እርስ በርሳቸው መነጋገራቸውን እንዲቀጥሉ።