ባሕር ዳር ያሠራሁት የቢራ ማብላያ፣ ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ስለ ቫልቩ ልናገር፤ ሁለት ዙር ቢራ ያስደፋኝ እሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ስከፍት ማብላያዎቹን፣ ማለትም ቢራው ከእርሾ ጋር የሚብላላባቸውን ታንከሮች፣ ከውጭ ለማስመጣት አቅሜ አልፈቀደም። ባሕር ዳር ያለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሁለት የስቴንለስ ማብላያና አንድ መቀቀያ ሠራልኝ። ማውጫው ላይ የገጠሙልኝ ግን ለውሃ መስመር የምናውቀውን ባለ ጥርስ ቦል ቫልቭ ነበር። ይህ ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ በውስጡ በሚዞረው የብረት ኳስ ዙሪያ ትንሽ ቢራ ይቀራል። ታንከሩን በኮስቲክ ሶዳ ብታጥቡት እንኳ ፈሳሹ እዚያ ክፍተት ውስጥ በደንብ አይደርስም።

ሦስተኛው ዙር ኮመጠጠ። አራተኛውም እንዲሁ። ብቅሉን ጠረጠርኩ፣ እርሾውን ጠረጠርኩ፣ ውሃውንም ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ቫልቩን ፈትቼ በስንጥር ስፈቀፍቀው እንደ ሙጫ የሚሳብ ግራጫ ነገር ወጣ። የከረመ አተላ ይሸታል። እናቴ አማኑኤል ከተማ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ናት፤ ጋኗን በግራዋ አሽታ፣ በወይራ አጥና፣ አፏ ድረስ ጎንበስ ብላ ሳታሸት አትጠነስስም። ያን ቀን እኔ ዘንድ ነበረች። ስንጥሩን ተቀብላኝ አሸተተችና «ልጄ፣ እጅሽ የማይገባበትን ዕቃ እንዴት ብለሽ ታጥቢዋለሽ?» አለችኝ።

ወርክሾፑ ጋ ስደውል «እንዲህ ያለ ቫልቭ ይሁን ብለሽ አልነገርሽንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ውላችን ላይ አልተጻፈም። ቢሆንም ለሚጠጣ ነገር እንደሚሠሩ እያወቁ ዝም ማለታቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። መርካቶ ወርጄ ባለ ክላምፕ ቢራቢሮ ቫልቭ ገዛሁ። ክላምፑ ያለ መፍቻ በእጅ ይፈታል፣ ውስጡን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ጎማውን አውጥቼ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዙር አልኮመጠጠም።

የታንከሩ አካል ግን በጣም ጥሩ ነው። ላሜራው 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ታቹ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ስለሆነ የዘቀጠው እርሾ ተንሸራቶ ማውጫው ላይ ይሰበሰባል። ብየዳው በአርጎን ነው። ስትረከቡ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡ፣ ጥፍራችሁን በብየዳው መስመር ላይ ጎትቱት። ጥፍር የያዘበት ቦታ ሁሉ ነገ ቆሻሻ ይይዛል። እኔ አንዱ ላይ ሁለት ቦታ አገኘሁና በነጻ መልሰው ሞረዱልኝ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ብረቱን በማግኔት ፈትሻችሁ ከሆነ አትተማመኑ። 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ማግኔት አይስብም፣ ርካሹ 201ም አይስብም። ልዩነቱ 201 ላይ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ መተካቱ ነው፤ በእርጥበትና በጨው ቶሎ ይዝጋል። የላሜራውን ሰርተፊኬት ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ውሉ ላይ አስጽፉ።

መጠኑ 300 ሊትር ቢባልም እኔ የምሞላው 240 ብቻ ነው። ቀሪው ለአረፋው ነው። መጀመሪያ ጓጉቼ 280 ሞላሁና ሌሊቱን ገንፍሎ ጠዋት ስገባ ወለሉ በእርሾ ተጥለቅልቆ አገኘሁት።

ማቀዝቀዣ ጃኬት (ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዞርበት ድርብ ግድግዳ) አላሠራሁበትም፤ ማርቆስ ብርዳማ ነው ብዬ ነበር። ቢራ ሲብላላ ግን የራሱን ሙቀት ያወጣል። ክፍሉ 17 ዲግሪ እያለ ታንከሩ ውስጥ 23 አነበብኩ፤ ያን ዙር የጠጣ ሰው የበሰለ ሙዝ ይሸታል አለኝ። አሁን ሌሊት ሌሊት መስኮት ከፍቼ፣ ቀን እርጥብ ጆንያ ጠምጥሜ እየተወጣሁት ነው። ቆላ ላይ ያለ ሰው ይህን እንዳይሞክረው። ገና ሲሠራ ጃኬቱን ያስገባ፣ በኋላ መጨመር ታንከሩን እንደ አዲስ ማስበየድ ነው።

መቀቀያው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሥራውን ይሠራል። ብቻ እኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሆፑ (እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመረው አበባ) ምሬቱን ቶሎ አይለቅም። የአሠራር መመሪያው 60 ደቂቃ ቀቅሉ የሚለውን እኔ 75 አድርጌዋለሁ።

ወፍጮን በተመለከተ፣ ብቅሉን ሰፈር ወፍጮ ቤት ወስጄ ነበር፤ እንደ ጤፍ ዱቄት አደረገው። ገለባው ደቆ ማጥለያው ላይ እንደ ጭቃ ተለጠፈ፣ ጣፋጩ ውሃ አልወርድም ብሎ ማታ ድረስ ቆመ። ብቅል የሚፈልገው መሰንጠቅ ነው፣ ገለባው ሳይደቅ። ባለ ሁለት ሮለር ትንሽ ወፍጮ ከገዛሁ ወዲህ ቶሎ ይጠላል። ከማብላያው በፊት ገንዘብ ብታወጡበት የማትጸጸቱበት ዕቃ ይህ ነው።

ሦስተኛውን ማብላያ እዚያው ወርክሾፕ አዝዣለሁ። ውሉ ላይ የላሜራው ቁጥር፣ የውስጥ ብየዳው ልስላሴ፣ ባለ ክላምፕ ቢራቢሮ ቫልቭ፣ ጃኬትና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተጽፈዋል። ባለፈው 45 ቀን ብለውኝ በሦስተኛው ወር ስለደረሰ፣ የዘንድሮው ቀነ ገደብም ከነቅጣቱ ተጽፏል። አይሱዙ ላይ ከመጫኑ በፊት ባትሪዬን ይዤ ባሕር ዳር እወርዳለሁ፤ እናቴም አብሬሽ ካልሄድኩ ብላለች።