ላንድክሩዘር 79 ወይስ ሃይሉክስ፦ ለደንገጎ ዳገት፣ ለኤረር አሸዋና ለለጋ ኦዳ ድንጋይ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ ፎር ዊል ድራይቭ ፒካፕ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመነታው በቶዮታ ላንድክሩዘር 79 እና በሃይሉክስ መካከል ነው። እዚህ ሁለቱን የማነጻጽረው ከፋብሪካ እንደወጡ፣ ማለትም ከፍታቸው ሳይጨመር፣ ጎማቸው ሳይቀየርና ዊንች ሳይገጠምላቸው፣ ከአስፋልት ወርደው ወደ ለጋ ኦዳ ዋሻ ወይም ከሐረር በታች ወደ ኤረርና ጎበሌ ሸለቆዎች ሲገቡ ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው ከፊት ጎማዎቻቸው መካከል ነው። የላንድክሩዘሩን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው አንድ ወጥ አክስል ሲሆን የተቀመጠውም በሞላ ላይ ነው፤ ከኋላ ባሌስትራ አለው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ አብሮ ስለሚነሳ ከዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው የአክስሉ ክፍል) ሥር ያለው ክፍተት ብዙም አይጠብም። የሃይሉክስ የፊት ጎማዎች ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ይህ አሠራር በኮረኮንች ላይ ለተሳፋሪ ወገብ ምቹ ነው፤ ሆኖም ጎማዎቹ ወደ ላይ ሲገፉ የመኪናው ሆድ ወደ መሬት ይቀርባል። ስለዚህ ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው ትልቅ ድንጋይ ሲያጋጥመው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ለማሳለፍ ከመሞከር ይልቅ አንዱን ጎማ በቀስታ ድንጋዩ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል። የላንድክሩዘሩ የኋላ ባሌስትራ በበኩሉ ለጭነት የተሠራ በመሆኑ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ሲጫን ነው የሚረጋጋው።

በአገራችን በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር 79 ሞተር 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም፤ የናፍጣ ፖምፓውም ሜካኒካል ነው። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጣው ባለ 2.4 ሊትር ሃይሉክስ ቱርቦ ስላለው ዳገቱን በተሻለ ይወጣል፤ ናፍጣም ይቆጥባል። ነገሩ የሚገለበጠው ናፍጣው ከማደያ ሳይሆን ከመንገድ ዳር ጄሪካን ሲቀዳ ነው። የሃይሉክሱ ኮመን ሬል ኢንጄክተር፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ክፍል፣ ውኃና ቆሻሻ የገባበትን ናፍጣ አይችልም፤ ጥገናውም በዘመናዊ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። 1ኤችዜድ ግን በዚህ ረገድ ብዙ ይታገሣል፤ ከተማ ርቆ ቢቆምም ልምድ ያለው መካኒክ በቁልፍ ብቻ ሊያስነሳው ይችላል።

በአሸዋ ላይ ብልጫው የሃይሉክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ በተሠሩት 79ዎች የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ሰፋ ብለው ስለተቀመጡ የኋላው ጎማ የፊተኛው በጠቀጠቀው መስመር አይሄድም፤ የራሱን አዲስ መንገድ ይቆርሳል። ባለፈው በጋ ሁለቱን መኪኖች ይዘን አንድ ደረቅ ወንዝ ስናቋርጥ የጎማ ንፋስ ሳንቀንስ ስለገባን ሁለቱም ሰመጡ። ላንድክሩዘሩ የኋላ ጎማው አሸዋ እየበተነ የፊቱ ግን ፈጽሞ አይዞርም ነበር፤ ወርደን ብናይ የፊት ጎማው ሃብ (በጎማው መሀል ያለው፣ ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው በእጅ የሚዞር መቆለፊያ) ወደ ሎክ አልዞረም። ሃይሉክሱ ይህን ሥራ በዳሽቦርዱ ላይ ባለች ማዞሪያ ይጨርሳል። ሃቡን ቆልፈን፣ ንፋሱን ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ አውርደንና ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ በእጃችን ዝቀን ሁለቱንም በሎው (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት በሚጨምረው የፎር ዊል ማርሽ)፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ያለ ጉተታ አወጣናቸው።

ፋብሪካው ለሃይሉክስ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢፈቅድም ይህ የሚሠራው ለረጋ ውኃ ነው። በደጋው በኩል ደመና ከታየ፣ ከላያችን ሰማዩ ቢጠራም እንኳ፣ በየትኛውም መኪና ወንዝ ውስጥ መቆም አይገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደቀጠፈ የድሬ ሰው አይረሳውም።

የጎማውም ነገር ይታሰብበት። ብዙ 79ዎች የሚመጡት በ7.50 በ16 ባለ ከላማዳሪ ጎማ ነው። የግራር እሾህ ቢወጋው የትኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል፤ ንፋሱ ከልክ በላይ ከተቀነሰ ግን ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የከላማዳሪውን ቫልቭ ይቆርጣል። የሃይሉክስ ጎማ ከላማዳሪ ስለሌለው ይህ ስጋት የለበትም፤ ከቸርኬው ከወጣ ግን ያለ ኮምፕረሰር አይመለስም።

በእኔ እምነት ቤተሰብ የሚያሳፍርና ከሳምንቱ አብዛኛውን በድሬዳዋና በሐረር መካከል በአስፋልት የሚመላለስ ሰው ሃይሉክስን ይግዛ፤ ከዋጋው ልዩነት በሚተርፈው ገንዘብም ጠንካራ የጎን ግድግዳ ያላቸው ጎማዎችና አንድ ኮምፕረሰር ይጨምር። ውኃ፣ ናፍጣና ዕቃ ጭኖ ጋራዥ ወደሌለበት ቆላ በየጊዜው ለሚወርድ ሰው ግን ላንድክሩዘሩን የሚተካ የለም። ያገለገለ መኪና ከሆነ የሚገዛው፣ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስር መቆለፊያ) መኖሩን ይጠይቅ፤ በሁለቱም ሞዴሎች የሌላቸው ይገኛሉና። ከዚያም አፈር ሜዳ ላይ ወስዶ ሎው ያስገባና ሎኩን ይጫን፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ረግቶ እስኪበራ ድረስ ቀስ ብሎ ይንዳ።