40 የተረት መጽሐፍ ለ48 ልጅ፣ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ

እሺ ሪቪው ልጽፍ ነው፣ ረዘም ይላል፣ አስተማሪ ያልሆናችሁ ብታልፉትም አልቀየምም። 4 ኪሎ ካሉት መጽሐፍ ቤቶች አንዱ ጋ የገዛሁት የልጆች ተረት ነው፣ አራት አይነት፣ ከያንዳንዱ 10 ኮፒ፣ በጠቅላላ 40። አንዱን 90 ብር ብለውኝ ብዙ ስለወሰድኩ በ75 ተስማማን፣ 3,000 ብር መሆኑ ነው፣ ግማሹን ወላጆች አዋጡ ግማሹን እኔ። ያሳታሚውንም የሱቁንም ስም አልጠራም፣ ወደ ታች ስትወርዱ የምነጫነጭበት ነገር አለ።

የማስተምረው ሁለተኛ ክፍል አማርኛ ነው። መስከረም ላይ የፊደል ገበታውን በእንጨት እየጠቆምኩ ሀ ሁ ሂ ስል ክፍሉ ባንድ ድምፅ ይቀበለኛል፣ 33ቱን በሰባት ሰባት፣ 231ዱን ፊደል አንድ ሳይስቱ እስከ ፖ ያወርዱታል። ከዛ «ጌ»ን ብቻዋን ብላክቦርድ ላይ ጽፌ ይቺ ማናት ስል ግማሹ ልጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ገ ጉ ጊ ጋ ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። በዜማ ነው እንጂ በአይን አያውቋትም። የኔ ክፍል ብቻ መስሎኝ አፍሬ ነበር፣ ግን በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፣ ነገሩ የቆየ ነው።

መጽሐፎቹ 16 ገጽ ናቸው፣ ከላይ ስዕል ከስር ሁለት ወይ ሶስት አረፍተ ነገር፣ ፊደሉ ትልልቅ። ያው የምናውቃቸው ናቸው፣ አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢት፣ አያ አንበሶ። የመጀመሪያውን ሳምንት መጽሐፉን ለማንም አልሰጠሁም፣ ራሴ ነኝ ያነበብኩላቸው። «ተረት ተረት» ስል «የመሠረት!» ብለው ጣራውን ሊያነሱት ደረሱ፣ እኔ አላስተማርኳቸውም እኮ፣ የአባባ ተስፋዬንም ዘመን አልደረሱበትም፣ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። ከዛ ግማሹ ክፍል ሲያነብ ግማሹ ይጽፋል፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ለሶስት ይደርሳል። አስር ኮፒው ዋጋ ያለው እዚህ ጋ ነው። መጋዘናችን ውስጥ በእርዳታ የመጣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ አለ፣ ሁሉም የተለያየ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ፣ አንዱ እንደውም በረዶ ጠፍጥፎ ሰው ስለመስራት ነው፣ እሱን አንዷን ይዤ 48 ልጅ ፊት ቆሜ ምን ላደርግ? ለክፍል የምትገዙ ከሆነ አርባ አይነት ሳይሆን አራት አይነት ግዙ።

በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። ሁለተኛው መጽሐፍ ገጽ 7 ላይ «ጦጢት ዛፉ ላይ አለች» አለች ቀበሮ፣ ይላል። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ፈራ ተባ የምትል ልጅ ሁለቱንም «አለች» አላልታ አነበበችው። አጠገቧ ያለችው ሳቀች። ልጅቷ ቆም አለችና እንደገና ጀመረችው፣ የመጀመሪያዋን «አለች» ጠበቅ፣ ሁለተኛዋን ላላ አድርጋ፣ ከዛ ቀና ብላ አየችኝ። አማርኛ እኮ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በፊደል አያሳይም፣ ገና ብትል በዓሉ ይሁን ያልደረሰው፣ ዋና ብትል ውሃው ይሁን ዋናው ነገር ገበታው ላይ የለም። በሕግ ላስተምረው ብል ወር ይፈጅብኛል፣ እሷን ግን ታሪኩ ነው ያረማት።

ግን እንዳትሸወዱ። አንድ ልጅ አለኝ፣ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ውሃ ሲያንቆረቁረው ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ሌሎች አስተማሪዎችን ጠርቼ ላሳይ ስል ሁለት ገጽ ተጣብቆ ተዘለለበት፣ እሱ ግን ምንም ሳይመስለው የተዘለለውን ገጽ ቃል በቃል «ማንበቡን» ቀጠለ። ሸምድዶት ነው! ማታ ለአባቴ ሳጫውታቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ እሳቸውም የቄስ ተማሪ ሳሉ ዳዊቱን ዘቅዝቀው ይዘው ሲያነበንቡ የኔታ በኩርኩም ብለዋቸዋል አሉ። ከዛ ወዲህ አረፍተ ነገሮቹን ካርቶን ላይ ጽፌ ቃል ቃሉን በመቀስ ቆርጬ በትኜ አስገጣጥማቸዋለሁ፣ ማን እንደሚያነብ የሚለየው ያኔ ነው። ያ ልጅ አሁን እየተንተባተበ ነው የሚያነበው፣ ግን እያየ።

ወደ ንጭንጬ። ገጽ 3 ላይ «ፀሐይ»፣ ገጽ 9 ላይ «ጸሀይ»። እኛ ሞክሼ ፊደላቱን እንደፈለግን ስለምናደባልቃቸው አይታየንም፣ ፊደል ገና የሚለይ ልጅ ግን «ቲቸር፣ ሁለት ናት እንዴ?» ብሎኛል። አንዱን መርጦ በሱ መጨረስ ምን ይከብዳል። ጅቡ ደግሞ ውሻ ነው የሚመስለው፣ ክፍሉ አስር ደቂቃ ተከራክሮበታል፣ በርግጥ «የኋላ እግሩ አጠር ማለት ነበረበት» የሚል አረፍተ ነገር ያወጣሁት ከዛ ክርክር ነው። መሀል ገጾቹ በሁለተኛው ሳምንት መውለቅ ጀመሩ፣ በፕላስተር ነው የቆሙት።

እነዚህን ሁሉ እችላቸዋለሁ፣ ያልቻልኩት ገጽ 16ን ነው። በትልቁ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ይልና መልሱን ራሱ ከስር ጽፎታል፣ ስግብግብነት መጥፎ ነው ምናምን። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉ በሙሉ እሷን ባንድ ድምፅ ደገመልኝ፣ በቃ ተመልሰን ሀ ሁ ሂ ገባን። ማታ ቁጭ ብዬ 40ውም ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። በማግስቱ «ጅቡ ጦጢትን ለምን አመናት?» ብቻ ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ «ርቦት ነው» አለ፣ አንዷ ተነስታ «ርቦት ከሆነ ስግብግብ አይደለማ!» አለች፣ ደወል እስኪደወል ተጨቃጨቁ። ከዛ ሳላዝ ሰባት ልጅ ለጅቡ ደብዳቤ ጽፎ መጣ፣ አንደኛው «አያ ጅቦ ሁለተኛ እንዳታምናት እኛ ቤት እጀራ አለ» ይላል፣ እንጀራ ላይ «ን» የለችም፣ አላረምኩትም።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለሚቀጥለው ዓመት ልጨምር ሄጄ ይሄ የመጨረሻው ገጽ ባይኖር ምን ነበር ስላቸው ሻጩ መነጽራቸውን ዝቅ አርገው «የኔ ልጅ፣ ወላጅ እኮ የሚገዛው እሷን ገጽ አይቶ ነው» አሉኝ። ሁለት አይነት መርጬ 20 ኮፒ ወሰድኩ፣ ከጎን ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደግሞ ነጭ ወረቀትና ማጣበቂያ።