ለብራና መጻሕፍት፦ ካሜራ ወይስ ስካነር?

በገዳማት ዕቃ ቤትና በትንንሽ ሙዚየሞች የሚሠሩ ወዳጆቼ የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል ለማስቀረት ጥቂት ገንዘብ ባገኙ ቁጥር ስካነር ይሻላል ወይስ ካሜራ እያሉ ይጠይቁኛል። ያገለገለም ቢሆን ካሜራ ከነማቆሚያው ይሻላል እላለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ በብር የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ስለሚያረጅ በዶላር በግምት አስቀምጣለሁ፤ ቀረጥና ማጓጓዣ በላዩ ይታከላል። ተራው ጠፍጣፋ ስካነር በ100 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚያነሣው ስካነር ከ300 እስከ 700 ዶላር ያወጣል። ለትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው የመጽሐፍ ስካነር ከ10,000 ዶላር በላይ ስለሆነ እንለፈው። 24 ሜጋፒክስል (24 ሚሊዮን ነጥብ) ያለው ያገለገለ ካሜራ ከማክሮ ሌንስ (ከቅርብ አጥርቶ ከሚያነሣ ሌንስ) ጋር ከ500 እስከ 700 ዶላር ይገኛል፤ ሁለት መብራትና የኤሌክትሪክ ማገናኛ ሲጨመሩበት፣ ማቆሚያውንም ሰፈር ያለ ብረት በያጅ በአራት ማዕዘን ቱቦ ከሠራው፣ ጠቅላላው ከ1,000 ዶላር ብዙ አይርቅም።

በመግዣ ዋጋ ብቻ ከታየ ስካነሩ ያሸንፋል። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ካሜራዎች ሹተር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ 100,000 ጊዜና ከዚያ በላይ እንዲያነሣ ታስቦ የተሠራ ነው። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 400 ገጽ ስለሆነ፣ አንድ ካሜራ እንዲህ ያሉ 250 መጻሕፍትን ያነሣል ማለት ነው፤ 1,000 ዶላሩ ለ100,000 ገጽ ሲካፈል ለአንድ ገጽ አንድ ሳንቲም ይደርሳል፤ ይህም የዶላር ሳንቲም ነው። ሹተሩ ሲያልቅም የሚተካው የካሜራው አካል ብቻ ሲሆን ሌንሱ፣ መብራቱና ማቆሚያው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ታዲያ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ሳያረጋግጥ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

አንድ ሙዚየም የገዛውን የጠረጴዛ ስካነር እንዳይ ተጠርቼ ነበር። መሣሪያው የተሠራው ለወረቀት በመሆኑ ፕሮግራሙ የብራናውን ተፈጥሯዊ እጥፋትና ሞገድ የገጽ መጉበጥ አድርጎ ስለሚቆጥረው መስመሮቹን ለማቅናት ሲሞክር ጭራሽ አጣሟቸዋል። ከዚህ የባሰው ገጹን የያዘ ጣትን ከምስሉ የሚያጠፋው አገልግሎት ነበር፤ በኅዳግ ላይ የነበረውን እድፍ ጣት መስሎት ከአጠገቡ ከተጻፈው ማስታወሻ ጋር ሰርዞታል። የርስት ስጦታና የውል ጽሑፍ በኅዳግ ላይ እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው የጉዳቱን ልክ ይረዳል። ብዙም ሳይቆይ የመሣሪያው ቦርድ ተቃጠለ፤ መለዋወጫ ስላልተገኘለትም ሙሉው ዕቃ መጋዘን ገባ።

ጠፍጣፋው ስካነር ለነጠላ ፎቶግራፍና ለደብዳቤ ጥሩ ነው። ለብራና ግን መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ በፊቱ እንዲደፋና ከላይ እንዲጫን ስለሚያስገድድ የእንጨት ገበታው ከስፌቱ ይላቀቃል፤ ቀጭኖቹና ርካሾቹ ስካነሮች ደግሞ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን የብራና ክፍል አደብዝዘው ያስቀራሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ያስቀረው ሥራም የተከናወነው በካሜራ ነው።

ሻጮች በሚጠሩት የሜጋፒክስል ቁጥር መታለል አይገባም። ከገጹ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጦ ማንሣትና በኮምፒውተር ላይ አጉልቶ ሚሊሜትሮቹን ማየት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በረጅም ጎኑ 6,000 ነጥብ ስላለው፣ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለውን ገጽ በኢንች 500 ነጥብ ያህል አድርጎ ያነሣዋል፤ ለቀይ ቀለሙም ሆነ ለሐረጉ (ለገጹ ጌጥ) ከበቂ በላይ ነው። የተለፋ ብራና ስለሚያብረቀርቅ ሁለቱ መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፤ ከፊት የሚተኮስ ፍላሽ ግን አያስፈልግም።

ካሜራን የመረጠ ሰው ጠላቱ ፌክ ዕቃ ነው። የኦሪጅናሉን ስም የለበሰ ባትሪ ሲያብጥ ከካሜራው አልወጣም ይላል፤ ስለዚህ በቀጥታ ከግድግዳ ኃይል የሚያገኝበትን ማገናኛ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጠው ዩፒኤስ ጋር፣ መግዛት ይሻላል። ሚሞሪ ካርዱ የከፋ ነው፤ ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ ሳለ እውነተኛ መጠኑ 16 ሆኖ ሲገኝ፣ 16ቱ ጊጋባይት ከሞላ በኋላ የተነሡት ገጾች ሁሉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይበላሻሉ። ማንኛውም አዲስ ካርድ ኤፍ3 በተባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ተሞልቶ ሳይፈተሽ ብራና ፊት መቅረብ የለበትም። ጥሬ ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ምስል) ለአንድ ገጽ እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚደርስ ከላይ የጠቀስነው ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ 12 ጊጋባይት ይይዛል፤ በመሆኑም በተለያየ ቦታ የሚቀመጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮች በግዥ ጥያቄው ላይ ከካሜራው እኩል ይጻፉ፤ በጀቱ ካልበቃም ከሌንሱ ዋጋ ይቀነስ እንጂ ሁለተኛው ዲስክ አይሰረዝ።