ለፒያሳው ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና፤ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት

ሰላም ወዳጆቼ፣ ሰላም ጎንደሬዎች። በጎ የሠራን ሰው ሳላመሰግን ማለፍ ስለከበደኝ ነው ይህን የምጽፈው። ጌም የሚወድ ልጅና አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች፣ ረዘም ቢልም አንብቡልኝ፤ ብራችሁን ታተርፉበታላችሁ።

ትልቁ ልጄ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበር። ጥሩ ካመጣህ ኮምፒውተራችን ፔስ 2021 የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም በከፍተኛ ጥራት እንዲያጫውት አደርግልሃለሁ ብዬው ነበር። ልጁ ድርሻውን ተወጣ፤ ቀሪው የእኔ ሆነ።

ቤታችን ያለው ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 3470፣ ራሙ 4 ጊጋ። ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ አልነበረውም፤ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ኤችዲ 2500 ነበረች። ለጽሑፍና ለፊልም ምንም አይልም። ጌም ሲከፈት ግን ሁሉንም ነገር ዝቅተኛው ላይ አድርገነው እንኳ ተጫዋቾቹ ይንቀራፈፋሉ፣ ኳሷ እዚህ ታየች ሲሉ እዚያ ትገኛለች።

እኔም ሰው ሳላማክር በቴሌግራም ባየሁት ማስታወቂያ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ንጹሕ» የተባለ ካርድ በ11 ሺህ ብር ገዛሁ። ከአዲስ አበባ ተላከልኝ። ጀርባው ላይ ያችን ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ሳይ በጣም ነበር ደስ ያለኝ፤ የእኛ ሞኒተር የሚሠራው በቪጂኤ ገመድ ስለነበር ሌላ ወጪ የለብኝም አልኩ። ሰካነው። ዊንዶውስ ካርዱን በስሙ አወቀው። ጌሙ ተከፍቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደሄደ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ደገምነው፣ ያው ነው።

ሻጩን ስጠይቀው መጀመሪያ «ፓወር ሰፕላይ ቀይር» አለኝ፣ ቀጥሎ «ዊንዶውስህ ነው» አለኝ፣ በመጨረሻ ብሎክ አደረገኝ። እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ ብወስደው ደግሞ ሳይከፍቱት «ይሄ ያረጀ ነው፣ ሙሉውን ቀይሩት» አሉኝ። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ የልጄ ነገር ነው። ካርዱን የሰካነው አብረን ስለነበር «አባዬ፣ እኔ ነክቼ ይሆናል ያበላሸሁት» ብሎ ኮምፒውተሩ አጠገብ መቀመጥ ተወ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናት ይህን ወጣት የጠቆመችኝ። ሱቁ ፒያሳ ነው፣ ጣሊያን ከሠራው ከፖስታ ቤቱ ሕንፃ ብዙም አይርቅም፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ከአዘዞ በታክሲ ነው የወሰድነው፣ የሐምሌ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለን፣ ልጄ ጭኑ ላይ አቅፎት።

ታሪኩን ልነግረው ስጀምር ዝም ብሎ ሰማኝ፤ አላቋረጠኝም። ከዚያ ካርዱን ነቅሎ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየውና ጣቱን ያችው ሰማያዊ መሰኪያ ላይ አሳረፈ።

«ጋሼ፣ ይህን ካርድ ገና ሳልሰካው ጠርጥሬዋለሁ» አለኝ። «1050 ቲአይ በ2016 የወጣ ነው። የዚያ ትውልድ ካርዶች አናሎግ ምልክት ማውጣት ትተዋል፤ ቪጂኤ የሚሰካበት ቦታ አይኖራቸውም። ግን በጥርጣሬ አልናገርም፣ ይየው ልጁም።»

የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ወጣ። ውስጡ በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር (የስሌት ክፍል) አለው፣ የእኔው 192። ሜሞሪው 4 ጊጋ ነው ቢልም እውነተኛው 1 ጊጋ ብቻ ነው። የካርዱን ባዮስ፣ ማለትም ማንነቱን የሚናገረውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ቀይረው ውሸቱን ስም እንዲናገር አድርገውታል፤ ዊንዶውስም የተነገረውን አምኖ ይጽፋል። ጌሙ «4 ጊጋ አለኝ» ብሎ ሲሞላው፣ የሌለ ቦታ ላይ ሲጽፍ፣ ያን ጊዜ ነው ጥቁር የሚሆነው።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «አየህ? አንተ ምንም አላበላሸህም። ይህ ካርድ ቤታችሁ ከመግባቱ በፊት የተበላሸ ነው» አለው። ልጄ ምንም አልመለሰም፤ ብቻ ወንበሩን ስቦ ቀረብ አለ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ከሁሉም በላይ የማመሰግንህ ለዚች ንግግርህ ነው።

ሙሉውን መቀየር አለብን ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ለምን?» አለኝና እስክሪብቶ አንሥቶ ካርቶን ላይ ጻፈልኝ። ፕሮሰሰሩ 77 ዋት፣ እሱ ያሰበው ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት፣ ለሃርድ ዲስኩ፣ ለራሙና ለፋኖቹ ሌላ ትንሽ፤ ተደምሮ 200 አይሞላም። የእኛ ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው። 75 ዋቱን ደግሞ ከማዘርቦርዱ ከራሱ ስለሚወስድ ተጨማሪ የመብራት ገመድ የማይፈልገውን ዓይነት መርጦ አሳየኝ። ሁሉም 1650 እንዲህ አይደለም፤ ገመድ የሚጠይቁም ስላሉ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ፕሮሰሰሩንም «ለፔስ 2021 በትንሹ የሚጠየቀው ራሱ ይኸው 3470 ነው፣ አይነካም» አለኝ። ጌሙ የሚፈልገው ራም ግን 8 ጊጋ ነው፣ የእኛ ደግሞ 4 ነበር። ስለዚህ ከነባሩ ጋር የሚመሳሰል ሌላ 4 ጊጋ ጨመረልን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በሁለት መስመር ሲሠሩ ፍጥነቱም ይሻላል አለን። ሞኒተር ልቀይር ብዬም ነበር። በስልኬ ያነሣሁትን የጀርባውን ፎቶ አጉልቶ አየና «ኤችዲኤምአይ አለው እኮ ጋሼ፣ የጎደለው ገመድ ነው» አለኝ። በዚያች ሱቅ ውስጥ «አይግዙ» የሚለውን ቃል ከ«ይግዙ» በላይ ነው የሰማሁት።

ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 እሱው ጋ ነበረ። ግን ወዲያው አልሸጠልኝም። ከባድ መፈተሻ ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ እኛው ፊት አሠራው፤ ሙቀቱን፣ የፋኑን ድምፅ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መውጣት አለመውጣቱን ልጄ እየተከታተለ እንዲጽፍ ወረቀት ሰጠው። የአንድ ወር ዋስትና ከነደረሰኙ ጽፎ ሰጠኝ።

ኬዙ ሲከፈት አፈርኩ። አቧራው ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ፋን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። በብሎወር ነፋው፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጎ አዲስ ቀባ። ከዚያ ካቻቢቴውን ለልጄ አቀበለው። «አንተ ነህ የምትሰካው።» የልጄ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካርዱ ቦታው ገብቶ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማነው።

ማታ ቤት ገብተን ጌሙን ከፈትነው፤ 1920 በ1080፣ ጥራቱ «ሃይ» ላይ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል)። የሜዳው ሣር ይታያል፣ በዝናብ ሲጫወቱ የማልያው እርጥበት ሳይቀር ይታያል። ልጄ እየተጫወተ አልነበረም፣ ሪፕሌዩን ደጋግሞ እያየ ነበር። እናቱም ከኩሽና ወጥታ «ይሄ የእውነት ጨዋታ ነው እንዴ?» አለች።

ባለሙያው ለሌሎች ጌሞች የሚሆን ምክርም ነግሮታል፣ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ልጻፈው፦ ቴክስቸርን (የነገሮቹን የገጽታ ዝርዝር) የካርዱ ሜሞሪ እስከቻለ ድረስ ከፍ ማድረግ ፍጥነት ብዙ አይቀንስም፤ ቶሎ የሚያደክመው ጥላው ነው፣ ስለዚህ መንቀራፈፍ ከጀመረ መጀመሪያ ጥላውን ዝቅ ማድረግ። ሞኒተሩ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከ60 ፍሬም በላይ ማሳደድ ትርፍ የለውም። ገመዱ ደግሞ ካርዱ ላይ ይሰካ እንጂ ድሮ የነበረበት ማዘርቦርዱ ላይ አይሁን፤ ብዙ ሰው ካርድ ገዝቶ ገመዱን ሳያዞር «ለውጥ የለውም» እያለ ይመጣበታል አሉ። የኤስኤስዲን (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነውን የፋይል ማስቀመጫ) ነገር ስጠይቀው ጌሙን ቶሎ ይከፍተዋል እንጂ ፍሬም አይጨምርም፣ ብር ሲኖርዎ ይደርሳል አለኝ። ስታቢላይዘር ግን ሳልገዛ እንዳልውል አጥብቆ ነግሮኛል፤ የመብራታችንን ነገር ታውቁታላችሁ።

ለእጁ የጠየቀኝ 800 ብር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ከእኛ ጋር ለቆየ ሰው አንሶብኝ ልጨምርለት ብል እምቢ አለ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ቃሉን አከብራለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሰው ይበዛበታል፣ ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ሞኒተር እሱ ጋ ስላለ ኬዙን ብቻ ያዙ፣ የሞኒተራችሁን ጀርባ ግን ፎቶ አንሡት። ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።