ሐረር፣ ድሬ ወይስ የግል ኮሌጅ? የጤና ዲግሪ ለምታስቡ

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እኔ ቤት መጣች። ነርሲንግ መማር ትፈልጋለች። "እትዬ፣ ሐረር ይሻለኛል ወይስ እዚሁ ድሬ? ወይስ ከፍዬ ኮሌጅ ልግባ?" አለችኝ። እኔም ነርስ ነኝ። "የምትለማመጂበትን የሆስፒታል ዋርድ አይተሻል?" አልኳት። አላየችም። እኔም በጊዜዬ አላየሁም፤ ታፔላ አይቼ ነው የተመዘገብኩት።

ከሐረር እንጀምር። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ሐረማያ ነው፤ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ግን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ትልቁ ሀብቱ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ማስተማሪያ ነው። ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ሪፈር የሚጻፍለት ሰው ወደዚያ ይመጣል፤ ምጥ የጠናባት እናት፣ መኪና የገጨው፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን። ለተማሪ ይህ ወርቅ ነው። ችግሩ ወረፋው ነው። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ሬዚደንቱ፣ አለ፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ አለ፣ የሜዲስን ተማሪው አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው አንቺ የምትደርሺው። ደፋር ካልሆንሽ አራት ዓመት ከኋላ ቆመሽ ልታልፊ ትችያለሽ። ሕዝብ ጤና ለሚወድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ዩኒቨርሲቲው ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ቀርሳ ወረዳ ላይ ልደቱን፣ ሞቱን፣ ፍልሰቱን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ አለው። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አይጠፋም።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፤ ከሐረማያ ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። ልምምዱ በዋናነት ከተማው ውስጥ ባለው ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። እንደ ሕይወት ፋና ሰፊ ባይሆንም የድሬ ሙቀትና ትንኝ ራሳቸው መምህር ናቸው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ የሚባለው፣ በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ፣ እዚህ ሲገባ በአገሪቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው የመጀመሪያው የደንጊ ወረርሽኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማው ወባ ተነሣበት። ያመጣችው ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ናት፤ በሮቶና በበርሜል ውኃ ውስጥ የምትራባ፣ ከተማ የሚመቻት። ስለዚህ ሜዲካል ላቦራቶሪ ለሚማር ሰው ድሬ ከሐረር ታንሳለች ብዬ አላምንም። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚታይ ነገር አያጣም።

የግሉን ጉዳይ ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ ብር የሚወጣው እዚያ ነውና። እኔ የተማርኩት ከፍዬ ነው። ስሙን ተዉት። የመጀመሪያ ቀን ዋርድ ስንወጣ አንድ አልጋ ዙሪያ 18 ሆነን ቆምን። የደም ግፊት መለኪያው አንድ ነው፤ እጅ ለእጅ ሲዞር ውሎ እኔ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ። አልጋው ላይ የተኙት አዛውንት ታግሠው ታግሠው፣ "ልጆቼ፣ ወይ በየተራ ግቡ ወይ እኔ ልውጣላችሁ" አሉን። ሳቅን። በኋላ ግን አላሳቀኝም። የመጀመሪያዬን ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ያስገባሁት ተቀጥሬ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ሁሉም የግል ኮሌጅ እንዲህ ነው አልልም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት የዕውቅና ደብዳቤውን ጠይቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ ነው። ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ነርሲንግ ስለተፈቀደለት ድሬ ላይ ሚድዋይፍሪ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ቀኑንም እዩት፤ ጊዜው ያለፈበት ደብዳቤ በወርቅ ፍሬም ተሰቅሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ቀጥሎ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው፣ በአንድ ዙር ስንት ተማሪ እንደሚልክ። የማታ ተማሪ ከሆናችሁ ልምምዱ መቼ እንደሆነ። "እናመቻቻለን" ካሏችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ።

ፈተናውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የጤና ሰው ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። እሱን ሳያልፉ የሙያ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ ሥራ የለም። "ካስፈተናችሁት ስንቱ አለፈ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ገንዘቡ ላይ ብዙ አልቆይም። መንግሥት ጋ ተመድቦ የገባ ወጪ መጋራቱን ሥራ ይዞ ይከፍላል፤ የግሉ በየወሩ ነው። ነርሲንግ፣ ሚድዋይፍሪና ላቦራቶሪ 4 ዓመት፣ ፋርማሲ 5 ነው። ቤተሰቡ ድሬ ያለ ልጅ እዚሁ ቢቀር የቤት ኪራይ ይተርፈዋል። ከድሬ በደንገጎ ዳገት ሐረር 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ በሚኒባስ ቀላል ይመስላል፣ በየቀኑ ግን አይሞከርም። ሐረር ነፋሻ ነው፣ ለጥናት ይመቻል። ድሬ በግንቦት ጋውን ደርቦ መዋል ምን እንደሆነ የዋለበት ያውቀዋል።

ለወንድሜ ልጅ የነገርኳት ይህ ነው፦ ነርሲንግና ሚድዋይፍሪ ከሆነ ምደባው ከቀናሽ ሐረር፤ ላቦራቶሪ ከሆነ ድሬ ቤትሽ ሆነሽ ተማሪ። የግል የመጨረሻው ነው፤ እሱም ደብዳቤውንና የሆስፒታሉን ውል በዓይንሽ ካየሽ።

ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል በር ላይ ቆመን ተማሪዎች ከአዳር ሺፍት ሲወጡ ጠበቅን። እሷ አንዷን አስቁማ፣ "ካኑላ በራስሽ ስንቴ አስገብተሻል?" አለቻት። ልጅቷ እንቅልፍ በዓይኗ ሞልቷል። የሠራችውን ልምምድ የምትመዘግብበትን ሎግ ቡኳን ከቦርሳ አወጣች፣ ገለጥ ገለጥ አደረገችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች።