ጅማ ውስጥ ብስክሌት የት ይጠገን? የጥላ ሥር ጠጋኝ፣ ጎሚስታ፣ የመለዋወጫ ሱቅ፣ ቶርኖ ቤት እና የራስ እጅ ሲነጻጸሩ

«ጅማ ውስጥ ጥሩ የብስክሌት ጠጋኝ የት አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ «ምኑ ነው የተበላሸው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ጎማ ሲለጥፍ እጁ የማይታማ ሰው ሞዞ (የጎማውን መሀል ማዞሪያ) ሲፈታ ብስክሌቱን ለባሰ ብልሽት ሊዳርገው ይችላል። ቴላዮ (የብስክሌቱን አካል) አሳምሮ የሚበይድ ባለሙያም ፍሬን ማስተካከል ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ቅርብና ሩቅ፣ ርካሽና ውድ የሚል ሳይሆን የትኛው ሥራ ለማን ይሰጥ የሚል ነው።

የጅማ መሀል ከተማ ሜዳማ በመሆኑ ለነጂው ይመቻል፤ ለብስክሌቱ ግን አይራራም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ዝናቡ ደግሞ በክረምት ብቻ አይወሰንም፤ ከመጋቢት ይጀምርና መስከረምን ይሻገራል። ቀዩ ጭቃ ሰንሰለትና የፍሬን ገመድ ውስጥ ይገባል። የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን የቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ) ሽቦ ያላላል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የወጣ ሰው ሲመለስ ቁልቁለቱ የፍሬን ጎማውን ይበላዋል። ብዙዎቹ ብልሽቶች ከእነዚህ ሦስቱ የሚመጡ ናቸው።

የጥላ ሥር ጠጋኝ

ዕቃው ጥቂት ነው፦ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ሦስት አራት ቁልፍ፣ ውኃ ያለበት ሳፋ፣ ማስቲሽ፣ ከአሮጌ ከለመዳሪ (የውስጥ ጎማ) የተቆረጠ ልጣፊ። ለተበሳ ጎማ፣ ለላላ ፍሬን፣ ለወለቀ ሰንሰለት ከእሱ የሚሻል የለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ብስክሌት ስለሆነ ከጎሚስታ ይልቅ ቀጭኑን የውስጥ ጎማ ያውቀዋል።

ችሎታውን ለመለካት ጎማ ስታስለጥፉ ቁሙና እዩት። በደንብ የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን በውኃ ካገኘ በኋላ አካባቢውን ከልጣፊው ስፋት አስበልጦ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ማስቲሹን ስስ አድርጎ ይቀባና ጣት ላይ መጣበቁን እስኪያቆም፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ልጣፊውን አጥብቆ ይጫነዋል። ሳይደርቅ የተለጠፈ ልጣፊ በማግስቱ ይነሣል። ከሁሉ በላይ ግን የውስጡን ጎማ ከመመለሱ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጥ ለውስጥ በጨርቅ ወይም በጣቱ ይዳስሳል። እሾሁ፣ ሽቦው ወይም የጠርሙስ ስባሪው እዚያው ካለ ልጣፊው የአንድ ቀን ዕድሜ ነው ያለው። ሳይዳስስ የሚዘጋ ጠጋኝ ሞዞ እንዲፈታ አትስጡት።

የቀዳዳው ቦታም ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ጎማው አየር አንሶት ኮብልስቶን ላይ ከቸርኬው ጋር ተላትሟል ማለት ነው። ቀዳዳው በመሀል ጎኑ፣ ቸርኬውን በሚነካበት በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦ ጫፍ ወጥቶ እየወጋው ነው፤ ቸርኬው ላይ ያለው የጎማ ጥብጣብ መቀየር አለበት። ይህን ለይቶ የሚነግራችሁን ጠጋኝ ያዙት።

አንድ ነገር ግን እምቢ በሉት፦ ሰንሰለት በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትን። ጥቁሩ ዘይት የብረት ብናኝ አለበት፤ አቧራ ይሰበስብና ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በነጭ ጋዝ አጥቦ አድርቆ፣ ንጹሕ ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አድርጎ ትርፉን መጥረግ ነው ትክክለኛው።

ጎሚስታ

ጎሚስታ የሚመረጠው ለአየር ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ ስለሆነ የብስክሌት ጎማን በሰከንዶች ውስጥ ሞልቶ ያፈነዳዋል። ጎማው ጎን ላይ የሚፈቀደው ግፊት ተጽፏል፤ ለተለመደው ባለ 26 ወፍራም ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒ ኤስ አይ ነው። «ቁጥሩን አይተህ፣ ጥቂት በጥቂት» በሉት። ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ያለ ካልሆነ የጎሚስታው ጫፍ አይገጥምለትም። በእሳት የሚለጠፍ የመኪና ልጣፊም ለብስክሌት ከለመዳሪ አይሆንም፤ ቀጭኑን ጎማ ያኮማትረዋል።

የመለዋወጫ ሱቅ

እዚህ ትልቁ ጥቅም ዕቃውና ሥራው አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ልኩ ሳይገጥም ቢቀር ወዲያው ይቀየራል። ትልቁ ስሕተትም እዚሁ ይፈጠራል፦ «26 ጎማ ስጠኝ» ብሎ መግዛት። 26 ተብለው የሚሸጡ ሁለት የማይገጣጠሙ ጎማዎች አሉ፤ የተራራ ብስክሌቱ 559፣ ቀጭኑ 26 በ1 3/8 ደግሞ 590 ነው። የ28 ጉዳይም ያው ነው፤ የእነ ፊኒክስ ብስክሌት ዓይነቱ ባለ 28 በ1 1/2 ጎማ 635 ሲሆን አዳዲሶቹ ቀጫጭን ብስክሌቶች 622 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በሚሊ ሜትር የጎማው መቀመጫ ክብ ዲያሜትር ሲሆኑ «50-559» በሚል መልክ (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ውፍረት ነው) ጎማው ጎን ላይ ታትመው ይገኛሉ። አሮጌውን ጎማ ይዞ መሄድ ወይም ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከመመላለስ ያድናል።

ከሱቅ አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ደግሞ ከካርቶን ወጥቶ በችኮላ የተገጣጠመ መሆኑን አይርሳ። የቸርኬ ሽቦው ላላ ያለ፣ ሞዞው ግራሶ ያነሰው፣ የፔዳል ክንዱ ቡሎን ያልጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሲገዙ «ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሼ አመጣለሁ፤ ሽቦውንና ቡሎኑን በነጻ ታጠብቃለህ» ብሎ መዋዋል ከዋጋ ቅናሽ ይበልጣል። የፔዳል ክንድ ላልቶ ከተነዳበት አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጠብቅም አይይዝም፤ የቆርቆሮ ቁራጭ ጣልቃ ማስገባትም ከጥቂት ቀን አያልፍም።

ሞዞ፣ ቸርኬና መሀለኛው ፔርኖ (ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ዘንግ)፦ ሰው የሚመረጥበት ሥራ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከባዱን ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ «የኩሽኔታ ኳሱን ትቀይራለህ ወይስ ያለውን ታጥባለህ?» በብዙ ብስክሌቶች የፊት ሞዞ በያንዳንዱ ጎን 10 ኳስ ይይዛል፤ ውፍረታቸው 3/16 ኢንች ነው። የኋላው በያንዳንዱ ጎን 9፣ ውፍረታቸው 1/4 ኢንች። አንድ ሁለት ኳስ ጎድሎ በአሮጌው ላይ አዲስ ቀላቅሎ የሚሞላ ሰው ጥፋት ይሠራል፦ ያልተበላው አዲስ ኳስ ከሌሎቹ በጥቂቱ ስለሚወፍር ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ ተቀማጩን ብረት ይቦረቡራል፤ ሞዞውም ያልቃል። ኳስ ከሞዞ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነውና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየር፤ አሮጌው ግራሶ በነጭ ጋዝ ታጥቦ አዲስ ይሞላ። ሥራው ሲያልቅ ጎማውን አንሥታችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ መንቀጭቀጭ የለበትም። ከዚያ በቀስታ ልቀቁት፤ በቫልቩ ክብደት ብቻ ተወዛውዞ ቫልቩ ወደ ታች ሆኖ ይቆማል። ካልዞረ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ከተንቀጫቀጨ ላልቷል።

ሁለተኛ፣ «የኋላውን ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን) መፍቻ አለህ?» ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከኋላ፣ በሰንሰለቱ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት ሽቦዎች ከሌሎቹ ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው። እነሱን ለመቀየር ጥርሱ መውጣት አለበት። መፍቻ የሌለው ሰው ሽቦውን አጣጥፎ ያስገባዋል፤ የተጣጠፈ ሽቦ ደግሞ ውጥረት አይይዝም፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ሽቦ አትጣሉት፤ አዲሱ ርዝመቱ እኩል እንዲሆን ልኩ እሱ ነው። የቀና ቸርኬ በፍሬን ጎማዎቹ መሀል ሲዞር ወደ ጎን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ መዋለል የለበትም።

ሦስተኛ፣ «በሰንሰለቱ በኩል ያለው የመሀለኛው ፔርኖ ክዳን በየት በኩል ይፈታል?» በአብዛኛው ብስክሌት ይህ ክዳን የሚጠብቅበት ጠመዝማዛ ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ዞሮ ይፈታል። የግራው ፔዳልም እንዲሁ። ይህን ሳያውቅ በፑንቶና በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ሰው የቴላዮውን ጥርስ ይጨርሰዋል፤ ያ ሲሆን ወጪው ከኩሽኔታ ወደ ቴላዮ ይዘላል። አመንትቶ «እስቲ እንሞክረው» ካለ አመስግናችሁ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሦስቱንም በቀላሉ የሚመልስ ሰው ከየት ይገኛል? በእኛ ግምት ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ጋ የሚሠራው ጠጋኝ መጀመሪያ የሚጠየቅ ነው። የሚጠግነው የራሱን ወይም የአሠሪውን እንጀራ ነውና ተመልሶ የሚበላሽ ሥራ ለእሱ ኪሳራ ነው።

ቶርኖና ብየዳ ቤት

ለተሰነጠቀ ቴላዮ፣ ለተበላሸ ፔርኖ ጥርስ፣ ለዕቃ መጫኛ ማሠሪያ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘ ብረት ነው፤ ይበየዳል። ካልያዘ አሉሚኒየም ነውና በተራ ኤሌክትሮድ አይሞከርም። ከመበየዱ በፊት በአቅራቢያው ያለው ገመድ፣ ኩሽኔታና ፕላስቲክ ሁሉ ይውጣ፤ ሙቀቱ ግራሶውን ያቀልጣል። የፊት ሹካው ከአንገቱ ከተሰነጠቀ ግን ብየዳ የለም፤ ይቀየራል። ቁልቁለት ላይ የሚሰበር ሹካ ጥርስና መንጋጋ ያስከፍላል።

የራስ እጅ

15 ቁጥር ቁልፍ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና ልጣፊ ያለው ሰው ጠጋኝ ጋ የሚያደርሱትን ጉዳዮች ግማሽ ያህሉን ቤቱ ይጨርሳል። በየቀኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሥራ ለሚነዳ ሰው ይህ ከሁሉም አማራጭ ቀድሞ የሚገዛ ነው።

ሰንሰለት መለካት ማስመሪያ ብቻ ይበቃዋል። አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 መገጣጠሚያ ከመሀል እስከ መሀል ሲለካ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ሲደርስ ሰንሰለቱን ቀይሩ። 30.8 ካለፈ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋልና አዲስ ሰንሰለት ብቻውን ቢገባ ይዘላል። በዝናብ ወራት በየሁለት ሳምንቱ መለካትና መቀባት ይበቃል። የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት መስመሮች ሲጠፉ ጊዜው አልፏል፤ አዲሱ ሲገባ ከቸርኬው በያንዳንዱ ጎን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በዲስክ ፍሬን ላይ ዘይት ጠብ ካለበት ግን ሸራው ይቀየራል፤ መጥረግ አያድነውም።

ከአዲስ አበባ ማስመጣት

350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ስለሆነ የሚያዋጣው ብስክሌቱን መላክ ሳይሆን ዕቃውን በሚመጣ ሰው ማስመጣት ነው፦ የዘይት ፍሬን ዕቃዎች፣ ባለ ብዙ ማርሽ ጥርስና የማርሽ መቀየሪያ። ዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር ሁሉ፣ የጥርሱን ብዛትና የማርሹን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩ፤ «የተራራ ብስክሌት ማርሽ» የሚል መልእክት የማይገጥም ዕቃ ያመጣል።

የትም ብትሰጡ ዋጋውን ለእጅና ለዕቃ ለይታችሁ ጠይቁ፤ «ሁሉም በድምሩ» የሚል ዋጋ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሊደበቅ ይችላል። የወጣውን አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ በሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ብስክሌቱን ኮብልስቶን ላይ ሁለት መቶ ሜትር ነድታችሁ ሁለቱንም ፍሬን በኃይል ያዙ፤ የላላ ነገር እዚያ ይሰማል። ትልቁን ሰርቪስ፣ ማለትም የሞዞ፣ የመሀለኛው ፔርኖና የገመዶቹን፣ በጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ አሠሩ። በሰኔ የተሞላ ግራሶ መስከረም ሲደርስ ውኃና ጭቃ ተቀላቅሎበት ይገኛል።